አሳታሚው የተወውን ጨዋታ ማን ይጠብቀዋል?

ኔትራነር ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱ ግን የሚጫወቱት አንድ ዓይነት ጨዋታ አይደለም። አንደኛው ግዙፍ ኮርፖሬሽን ሆኖ ምስጢራዊ ዕቅዶቹን በኮምፒውተር ሰርቨሮች ውስጥ ይደብቃል። ሌላው ሰርጎ ገብ ሆኖ ሰርቨሮቹን እየሰበረ ዕቅዶቹን ይሰርቃል። ኮርፖሬሽኑ ካርታዎቹን ደፍቶ ያስቀምጣል፤ የተደፋው ካርታ ዕቅድ ይሁን ወጥመድ ሰርጎ ገቡ የሚያውቀው ሲገባበት ነው። ዕቅዶቹ አጀንዳ የሚባሉት ካርታዎች ናቸው፤ ነጥብም አላቸው፤ ቀድሞ 7 ነጥብ የሞላለት ያሸንፋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ጨዋታ የነደፈው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ»ን በ1993 የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። ታሪኩ የሚካሄድበት ዓለም የተወሰደው ከማይክ ፖንድስሚዝ «ሳይበርፐንክ 2020» ሲሆን፣ በዚያ ዓለም ኩባንያዎች ከመንግሥታት ይበልጣሉ፤ ለደሃው የቀረው መሣሪያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ1996 «ፕሮቴየስ»ን፣ በ1999 ደግሞ «ክላሲክ»ን በማስፋፊያነት አሳትሞ አቆመ። የጨዋታው አፍቃሪዎች ግን አላቆሙም። የራሳቸውን ካርታና ደንብ እያዘጋጁ ቀጠሉ። ይህ በኔትራነር ብቻ የታየ አይደለም። ዴሲፈር የተባለው ኩባንያ የ«ስታር ዋርስ» የካርታ ጨዋታውን ፈቃድ በ2001 መጨረሻ ሲያጣ፣ ተጫዋቾች ኮሚቴ አቋቁመው በድሮዎቹ ካርታዎች ላይ አዲስ ጽሑፍ እየደረቡ ጨዋታውን እስከ ዛሬ አኑረውታል።

የኔትራነር ሁለተኛ ዘመን በ2012 ጀመረ። ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ ከዊዛርድስ ፈቃድ ወስዶ፣ በሉካስ ሊትዚንገር ንድፍ፣ «አንድሮይድ ኔትራነር» ብሎ አወጣው። ከሁሉ የሚልቀው ለውጥ አሻሻጡ ላይ የተደረገው ነው። የ1996ቱ ካርታ እንደ ሎተሪ ነበር፤ ገዢው ጥቅሉን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ምን እንደደረሰው አያውቅም። የ2012ቱ ጥቅል ይዘት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥቅል የገዛ ሁሉ አንድ ዓይነት ካርታ ይደርሰዋል። ደንቡም ተጠናከረ። በ1996 አንድን ካርታ የፈለጉትን ያህል ደጋግሞ መያዝ ይቻል ነበር፤ በ2012 ግን ከአንድ ካርታ ከ3 ቅጂ በላይ መያዝ ተከለከለ። ካርታዎቹ በሰባት ወገን፣ አራቱ ለኮርፖሬሽን ሦስቱ ለሰርጎ ገብ፣ ተከፈሉ፤ ከሌላ ወገን ካርታ የተበደረ ሰው ከተመደበለት የተጽዕኖ ነጥብ ላይ ይቀነስበታል። በ2018 ኩባንያው ፈቃዱ እንደሚያበቃ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሽያጩ ቆመ።

በዚያው ዓመት ጨዋታውን ለማስቀጠል ኒሴይ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ በ2022 ስሙን ነል ሲግናል ጌምስ ብሎ ለወጠ። ሠሪዎቹ ተጫዋቾች ናቸው፤ ማኅበሩም ለትርፍ አልቆመም። ይህ ማኅበር በአፍቃሪ ስለሚሠሩ ማስፋፊያዎች ብዙ ያስተምራል፤ ምክንያቱም አፍቃሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሹትን ሥራ ደፍሮ ተሸክሟል። አዲስ ካርታ ማሰብ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ምሽት አሥር ካርታ ሊያስብ ይችላል። ከባዱ ሥራ የካርታው ዋጋ ስንት መሆን እንዳለበት መወሰን ነው፤ ከዚያም የሚከብደው፣ ሰው የወደደውን ካርታ ማገድ።

የዋጋውን ነገር ከሥሩ ማየት ይገባል። በየተራው ኮርፖሬሽኑ 3፣ ሰርጎ ገቡ 4 እርምጃ አላቸው። አንድ እርምጃ አንድ ክሬዲት (የጨዋታው ገንዘብ) ወይም አንድ ካርታ ያስገኛል። የጨዋታው ሚዛን ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በእርሱ ነው። «ሄጅ ፈንድ» የተባለው የኮርፖሬሽን ካርታ 5 ክሬዲት አስከፍሎ 9 ይሰጣል፤ ትርፉ 4 ነው። ሰርጎ ገቡም በ«ሹር ጋምብል» ልክ ይኸንኑ ያገኛል። አንድ አፍቃሪ፣ በቅን ልብም ቢሆን፣ ያለምንም ቅድመ ሁኔታ 6 የሚያተርፍ ካርታ ቢጨምር ያ ካርታ በሁሉም ሰው እጅ ይገባል፤ ሁለቱ ነባር ካርታዎችም ፋይዳ ያጣሉ። በሁለት ክሬዲት ልዩነት የጨዋታው ኢኮኖሚ ይናጋል ማለት ነው።

አጀንዳዎች ላይ ስሌቱ ይበልጥ ይጠብቃል። ኮርፖሬሽኑ አጀንዳን የሚያጠናቅቀው በእርምጃ እየገፋ ነው፤ ሦስት ጊዜ መገፋት ያለበት አጀንዳ በአንድ ተራ አይጠናቀቅም፤ አንዱ እርምጃ ካርታውን ለማስቀመጥ፣ ሁለቱ ለመግፋት ይውላሉ፤ ሦስተኛው ግፊት ለሚቀጥለው ተራ ይተርፋል። በመሀል ያለው የሰርጎ ገቡ ተራ የጨዋታው ነፍስ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተገፋውን የተደፋ ካርታ እያየ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ የሚጨነቀው ያኔ ነው። በ2012ቱ የመጀመሪያ ሳጥን ውስጥ የነበረው «አስትሮስክሪፕት ፓይለት ፕሮግራም» ይህን ተራ ሰረቀው። ይህ ሦስት ግፊት የሚፈልግ አጀንዳ ሲጠናቀቅ አንድ ተጨማሪ ግፊት በስጦታ ይሰጣል። ሁለተኛው ቅጂ ሲመጣ አስቀምጦ፣ ሁለቴ ገፍቶ፣ ስጦታውን ጨምሮ በዚያው ተራ መጨረስ ተቻለ፤ ያም በተራው ለሦስተኛው ስጦታ ይሰጣል። ካርታው የቅጣት ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2016 ነው፤ ያኔም ሙሉ በሙሉ አልታገደም፤ ተጽዕኖ የሚያስከፍል ሆነ እንጂ። በሙያው የሚተዳደር ኩባንያ አንዲትን ግፊት መዝኖ ለማረም ይህን ያህል ዓመት ከፈጀበት፣ በትርፍ ጊዜው ማስፋፊያ የሚሠራ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ ብዛት አለ። ከ1,000 ነባር ካርታዎች ጋር 60 አዲስ ቢቀላቀሉ፣ እያንዳንዱ አዲስ ከእያንዳንዱ ነባር ጋር ሲጣመር 60,000 ጥምረት ይፈጠራል። ይህን ሁሉ በአእምሮ ቀምሮ መጨረስ አይቻልም። መፍትሔው ከኅትመት በፊት ደጋግሞ መጫወትና ሆን ብሎ ካርታውን ለመስበር የሚሞክሩ ሰዎችን መጋበዝ ነው። የነል ሲግናል ሥራ ከብዙ የአፍቃሪ ሥራዎች የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ የንድፍ፣ የሙከራና የደንብ ሥራ ለየብቻ ተከፋፍለዋል፤ የእገዳ ዝርዝሩም በየጊዜው ይታደሳል። አጠቃላይ የደንብ ሰነዱን የሚጽፉ ሰዎች ስም በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ሠዓሊዎቹ አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባ ነበር። ሁለት ካርታዎች እርስ በርስ ሲቃረኑ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ያ ሰነድ ነው፤ ያለ እርሱ ውድድር ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል።

የማኅበሩ ማስፋፊያዎች በየጊዜው ወጥተዋል። በ2019 «ዳውንፎል»ና «አፕራይዚንግ»፣ በ2021 ለጀማሪዎች የተሰናዳው «ሲስተም ጌትዌይ»፣ በ2022 «ሚድናይት ሰን»ና «ፓርሂሊየን»፣ በ2023 «ዘ ኦቶማታ ኢኒሺየቲቭ»፣ በ2024 «ሪቤሊየን ዊዝአውት ሪኸርሳል»፣ በ2025 «ኤለቬሽን»። ከእነዚህ ሁሉ «ሲስተም ጌትዌይ» ልዩ ክብር ይገባዋል። አፍቃሪዎች የሚሠሩት ለመሰሎቻቸው ነው፤ የሚጨምሩትም ነባሩን ተጫዋች የሚያስደምም ውስብስብ ነገር ነው። አዲስ ሰው የማይገባበት ጨዋታ ግን ከተጫዋቾቹ ጋር ያረጃል። ቀላልና ግልጽ ካርታ መሥራት ትሕትና ይጠይቃል።

ታሪኩን በተመለከተ፣ ሳይበርፐንክ የተባለው የልብ ወለድ ዘርፍ ወደ አሜሪካና ጃፓን ከተሞች ማዘንበሉ የታወቀ ነው። ፋንታሲ ፍላይት በመጨረሻ ካወጣቸው ተከታታዮች አንዱ የሆነው «ኪታራ» ግን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወርዶ ነበር፤ ከጥቅሎቹ አንዱ በነጭ አባይ፣ አንዱ በካምፓላ፣ አንዱም ቪክቶሪያ ሐይቅ በሉጋንዳ በሚጠራበት ናሉባሌ ስም ተሰይመዋል። የነገው ዓለም ሲታሰብ አፍሪካን ከቴክኖሎጂው ዳር ሳይሆን መሀል ማስቀመጡ መልካም ጅምር ነበርና፣ በአፍቃሪዎቹም እጅ እንዲቀጥል መመኘት ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ በሕግ እንዴት ይታያል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የአንድ ጨዋታ አጨዋወት፣ ማለትም ዘዴው፣ ጥበቃ የለውም፤ የደንቡ ጽሑፍና ሥዕሎቹ ግን ጥበቃ አላቸው። ስምና ዓርማ ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ ይዳኛሉ። ስለዚህ የአፍቃሪዎቹ ካርታ አዲስ ሥዕልና አዲስ ገጽታ አለው፤ ማኅበሩም ከቀድሞዎቹ አሳታሚዎች ጋር ግንኙነት እንደሌለው በግልጽ ያስታውቃል። የድሮውን ሥዕል ገልብጦ የሚያሰራጭ ሰው ይህን ጥንቃቄ ያፈርሳል፤ የሚጎዳውም ራሱን ብቻ አይደለም።

ካርታዎቹ በሁለት መንገድ ይገኛሉ፤ የታተመውን መግዛት፣ ወይም ፋይሉን በነጻ አውርዶ በወረቀት ማተም። ሁለተኛው መንገድ ጨዋታው በማይሸጥበት አገር ላለ ሰው በሩን ይከፍታል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ካርታዎቹ ጀርባቸው በማያሳይ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ መግባት አለባቸው። በመደበቅ ላይ የቆመ ጨዋታ ውስጥ የትኛው ካርታ የቤት ኅትመት እንደሆነ ከጀርባው ከታወቀ ምስጢሩ ያበቃል።

በ2025 «ኤለቬሽን» ሲወጣ የፋንታሲ ፍላይት ጥቅሎች በሙሉ ከመደበኛው ውድድር ወጡ። በመደበኛው ውድድር ጠረጴዛ ላይ አሁን የሚበወዘው ካርታ ሁሉ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያሳተሙት ነው፤ የድሮዎቹ ካርታዎች «ኢተርናል» በተባለው የውድድር ዓይነት ቦታ አላቸው።