ሀፍረት ከዕውቀት አያርቀን

ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው ለጎልማሶች ፕሮግራሚንግ በነፃ ሲያስተምሩ ማየት ያስደስተናል። ይሁንና ሞልቶ የጀመረው ክፍል ብዙም ሳይቆይ ይሳሳል። አንድ የቤተሰብ አባት በልጁ እኩያ ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀራል።

በ1998 (እ.ኤ.አ.) ለተመራማሪዎች በአሜሪካ የተጀመረውና ዛሬ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተምሩበት ሶፍትዌር ካርፔንትሪ ለዚህ ቀላል መላ አለው። እያንዳንዱ ተማሪ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ተለጣፊ ወረቀቶች ይሰጡታል። አንዱን ኮምፒውተሩ ላይ ከለጠፈ «ጨርሻለሁ»፣ ሌላውን ከለጠፈ «እርዱኝ» ማለቱ ነው። ረዳቱ አይቶ ቀስ ብሎ ይጠጋዋል። አስተማሪውም ፕሮግራሙን እዚያው ፊታቸው ይጽፋል፤ ሲሳሳት እዚያው ያርማል። ተማሪው ስህተት ነውር እንዳልሆነ በዓይኑ ያያል።

ግን ይህ ረዳት ይፈልጋል። አንድ አስተማሪ ብቻውን ሁሉን አይደርስም፤ ይደክማል። ስለዚህ ሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በሳምንት አንድ ምሽት ለረዳትነት ስጡ። ሙያው የሌለን ደግሞ ክፍል እናፈላልግ፤ እናቶች እንዲማሩ ልጆቻቸውን እንያዝላቸው። የዕውቀት ዘካው ማካፈል ነውና አላህ ይወፍቀን። አሚን።