ኢታውማን አታጣድፉት

ወጣቱ የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ሞሰስ ኢታውማ ነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) ሪያድ ላይ ዲሊያን ኋይትን በመጀመሪያው ዙር ከዘረረው ወዲህ የቡጢ ወዳጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ይሟገታሉ፤ ይህ ልጅ አንጋፋውን ዩክሬናዊ ኦሌክሳንደር ኡሲክን ያሸንፈዋል ወይ? መልሴን ሳላዘገይ ልናገር። ማሸነፍ ይችላል፤ አሁን ግን አይደለም። አሁኑኑ ካልገጠመ ብለው የሚወተውቱትም ለልጁ የሚያስቡ አይመስለኝም።

ኡሲክ የተወለደው በ1987 ነው፤ ኢታውማ በ2004 መጨረሻ። ዩክሬናዊው በለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ ልጁ ገና 7 ዓመቱ ነበር። ይህን ልዩነት የሚያነሱ ሰዎች ወዲያው ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ያወራሉ። ጉልበትና ወጣትነት ብቻ ቢበቃ ኖሮ ግን ለዳንኤል ዱቧ በበቃው ነበር። ዱቧ በ27 ዓመቱ፣ አንቶኒ ጆሹዋን በዘረረ ማግስት፣ ቀበቶ ታጥቆ ሐምሌ 2025 ዌምብሌይ ገባ፤ በ5ኛው ዙር ሁለት ጊዜ ወድቆ ቀረ።

የኡሲክን ብልሃት ለማየት የተቸገረባቸውን ዙሮች መመልከት ይሻላል። በ2022 ጅዳ ላይ ጆሹዋ በ9ኛው ዙር አስጨንቆት ነበር። ሌላው ቡጢኛ ቢሆን ቀጣዩን ዙር ትንፋሽ ለመሰብሰብ በተጠቀመበት፤ ኡሲክ ግን 10ኛውን በቡጢ ናዳ ከፈተው። በ2024 ሪያድ ላይም ታይሰን ፉሪ መካከለኛዎቹን ዙሮች እየተጫወተ ወስዶ ነበር፤ በ9ኛው ግን ከመውደቅ ያዳነው የመድረኩ ገመድ ነው፤ ዳኛውም ቆጠረበት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ኡሲክ ቀላል ቡጢ ይወረውራል፣ የመታ መስሎ ይተዋል፣ ወደ ጎን ይወጣል። ተጋጣሚው በየትኛው እግሩ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚተነፍስ የሚያጠናው ያን ጊዜ ነው። ግዙፎቹን የሚያደክማቸውም የቡጢው ክብደት አይደለም፤ ሊመቱ በተዘጋጁ ቁጥር ቦታ እየቀየረ እግራቸውን እንደገና እንዲተክሉ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ትንፋሻቸው ሲያጥር እሱ ገና መጀመሩ ነው።

እንዲህ ያለው አንጋፋ በምን ይሸነፋል? በርናርድ ሆፕኪንስ ለዚህ መልስ ይሆናል። በ2008 አትላንቲክ ሲቲ ላይ ኬሊ ፓቭሊክን ሲገጥም 43 ዓመቱ ነበር፤ ፓቭሊክ 26 ዓመት የሞላው፣ ሽንፈት የማያውቅ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን። ፓቭሊክ ከባዱን ቀኝ እጁን ለማሳረፍ እየቸኮለ ወደፊት ገባ፤ ሆፕኪንስ ደግሞ በገባ ቁጥር እርምጃው መሀል ላይ እያገኘ መታው፣ አቀፈው፣ ወደ ጎን ጣለው። 12 ዙር ሙሉ ትምህርት ቤት ሆነ። ከ6 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ሰርጌይ ኮቫሌቭ መጣ። በመጀመሪያው ዙር ሆፕኪንስን ጣለው። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ፤ ኮቫሌቭ ሽማግሌው ወደቀ ብሎ እየሮጠ አልገባም። ርቀቱን ጠበቀ፣ በፊት እጁ እየነካካ አስቀመጠው፣ ሌላ ዝረራም አላሳደደም። ሦስቱም ዳኞች 12ቱንም ዙር ለኮቫሌቭ ሰጡ።

በእርግጥ በእነዚያ 6 ዓመታት የሆፕኪንስ እግር ከብዷል፤ በ49 ዓመት ያልከበደው የለም። መሐመድ አሊም በ1980 ከቀድሞ የልምምድ ጓደኛው ከላሪ ሆልምስ ፊት ሲቆም እጁ አልታዘዘውም ነበር፤ ያን ምሽት ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያዝናሉ። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን አያሸንፍም። ብልህ አንጋፋ የሚኖረው በተጋጣሚው ችኮላ ነው፤ ችኮላውን የነፈገው ወጣት ያሸንፈዋል።

ወደ ኢታውማ ልመለስ። ተስፋ የሚሰጠኝ የመጀመሪያው ነገር እጁ ነው፤ ግራኝ ነው። ኡሲክም ግራኝ ነው። ጆሹዋንና ዱቧን ሲያሸንፍ የፊት እግሩን ከፊት እግራቸው ውጭ እየተከለ፣ ግራ እጁን በዚያ በኩል እየላከ ነው። ከግራኝ ጋር ሲቆም ይህ መንገድ ይዘጋበታል፤ ሌላ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል። ሁለተኛው የልጁ የእጅ ፍጥነት ነው። ኡሲክ በከባድ ሚዛን ያሸነፋቸው ስመ ጥሮች በአብዛኛው ከእሱ የዘገዩ ነበሩ፤ ይህኛው አይዘገይም።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ኢታውማ ከኋይት ጋር እስከተገናኘበት ቀን ድረስ ከ6ኛ ዙር አልፎ አያውቅም። ዴምሲ ማክኪንን በአንደኛው ዙር፣ ማይክ ባሎጋንን በሁለተኛው ጨርሷል። ክንዱ ሲዝል፣ ዐይኑ ሲያብጥ፣ የመታው ሰው አልወድቅ ሲል ምን እንደሚያደርግ ማንም አላየም፤ እሱ ራሱም አያውቀውም። ኡሲክ ደግሞ ሰውን የሚወስደው እዚያ ነው፤ ከ8ኛው ዙር በኋላ።

አሊ ራሱ፣ ገና ካሲየስ ክሌይ ሲባል፣ በ22 ዓመቱ ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የለም ወይ የሚሉኝ ይኖራሉ። አሸንፏል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ዳግ ጆንስ 10 ዙር ሙሉ አስጨንቆታል፤ ሄንሪ ኩፐር ለንደን ላይ መሬት አስነክቶታል። ሊስተን ፊት የቀረበው መውደቅንም መነሳትንም አይቶ ነው። ኢታውማ ይህን ትምህርት የሚያገኘው ከኡሲክ ከሆነ ዋጋው እጅግ ውድ ይሆናል። በአንድ ምሽት የተሰበረ ወጣት ቡጢኛ ገንዘቡን ይዞ ቢወጣም፣ በራሱ ላይ የነበረውን እምነት ይዞ አይወጣም።

ስለዚህ ልጁን ለያዙት ሰዎች የምለው አለኝ። በቶሎ የማይወድቁ፣ 10 እና 12 ዙር የሚያቆሙት ሁለት ሦስት ጠንካራ ሰዎች አግኙለት። የሪያድም ሆነ የለንደን ገንዘብ የትም አይሄድም። በዚህ መሀል ኡሲክ ጓንቱን ቢሰቅል እንኳ ልጁ የሚያጣው አንድ ግጥሚያ ብቻ ነው። አሁን ባለበት ሁኔታ ቢገጥም ግን የመጀመሪያዎቹን 4 ዙሮች ወስዶ በነጥብ የሚሸነፍ ይመስለኛል።