መንጋጋው ያበጠ ሕፃን ቀጠሮ አይጠብቅም



በሰፈራችን የአንድ ሕፃን ጉንጭ ባበጠ ቁጥር ሦስት ፍርድ ይሰጣል። ጎረቤት «ጥርሱ ነው፣ ይነቀል» ይላል። አዋቂ ነኝ ባይ «ይተኮስ» ይላል። ክሊኒኩ ደግሞ ክኒን ቆጥሮ «ከሁለት ሳምንት በኋላ አምጡት» ይላል። እኛ የዚህ ሰፈር መምህራን ሦስቱንም ፍርድ እንቃወማለን። ሦስቱም የሕፃኑን ጊዜ ይበላሉና።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በእርግጥ የመንጋጋ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ብዙው ከበሰበሰ ጥርስ የሚነሳ መግል ነው፤ ያማል፣ ያተኩሳል፣ ተገቢ ሕክምና ሲያገኝ በጥቂት ቀን ይጎድላል። ካንሰር ሳይሆኑ ቀስ ብለው በዓመታት የሚያድጉ ዕጢዎችም አሉ። በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ግን ከሁሉ የሚያስፈራው የበርኪት ሊምፎማ የሚባለው ነው። ከሰው ልጅ ካንሰሮች ሁሉ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ሴሎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ በየሁለት ቀኑ እጥፍ የሚሆን ነገር በ14 ቀን 128 እጥፍ ይደርሳል። ከሴሎቹ ብዙዎቹ ስለሚሞቱ ዕጢው በዓይን ሲታይ ይህን ያህል አይገዝፍም። ቢሆንም «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

«እኛ አገር እንዲህ ያለ በሽታ አናውቅም» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ምክንያቱን ግን ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም፣ መንጋጋው ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም ያበጠ ሕፃን እንዲያይ ተጠራ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በጂንጃ እንደዚያው የሆነ ሌላ ሕፃን አገኘ። በ1958 ያየውን ጻፈ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር 10,000 ማይል ያህል በመኪና ተጉዞ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ ጠየቀ። መልሱ ግልጽ ነበር። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ አለ፤ በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ ሲወጡ ግን ይጠፋል። የሚከተለው የወባን መንገድ ነው። በ1964 ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር የተባሉ ተመራማሪዎች በዕጢው ሴሎች ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱን ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ይይዛቸዋል፤ ብቻውን ይህን ካንሰር አያመጣም። ወባ እየተመላለሰ የሕፃኑን መከላከያ ሲያዳክመው ነው ጥፋቱ የሚከተለው። ስለዚህ ካንሰሩ ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። የታመመውን ልጅ ከጨዋታ ማግለል ግፍ ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን በሽታውን ያላወቁት ደገኞች ስለነበሩ ነው። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት በቆላ ነው። ግግ ማስወጣትንና እንጥል ማስቆረጥን በጓዛችን ይዘን መጥተናል፤ ያ ልማድ በደጋም ጎጂ ነበር፣ እዚህ ደግሞ ገዳይ ነው። ዕጢው ከሥር ሲገፋ ጥርስ ይነቃነቃል። የተነቃነቀውን ጥርስ የሚነቅል ሰው ምልክቱን ነቀለ እንጂ በሽታውን አልነካም።

«ዕጢን ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚሉም አሉ። ይህ ከቶ ሐሰት ነው። ሐኪሙ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ናሙና የሚወስደው በማይክሮስኮፕ አይቶ ስሙን ለማወቅ ነው። ስሙ ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይታወቅም። በሆድም ዕጢ እንዳለ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ መቅኔውና የኅብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ይመረመራል። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ጸበሉን ብሎ ሐኪሙን ማስቀረት ግን ሃይማኖትም አይደለም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ከክፍላችን አንድ ወንበር ባዶ ቀረ። ልጁ የሰባት ዓመት ነበር። ሁለት ጥርስ ተነቀለለት፤ ሦስት ጊዜ ክኒን ተሰጠው፤ ከዚያ ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚያስወጣው የይለፍ ወረቀት አንድ ወር ሙሉ ፊርማ ጠበቀ። ፊርማው ሲመጣ ዓይኑ ወጥቶ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ይህን ሞት «ዕድሉ ነው» የሚለን ማነው? በበለጸጉት አገሮች ይህ ካንሰር ከያዛቸው 10 ሕፃናት 9ኙ ያህሉ ይድናሉ። ዋናው መድኃኒት ሳይክሎፎስፋማይድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በካምፓላና በናይሮቢ የተሠራበት ነው፤ አዲስ ግኝት አይደለም።

አንድ ሌላ አደጋ አለ፤ እሱም ከደስታ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ቀናት እብጠቱ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ወላጅ «ልጄ ዳነ» ብሎ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው! ያልተጨረሰ ሕክምና በሽታውን መልሶ ያመጣዋል። አብዛኛው ማገርሸት የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ሕክምናውን የጨረሰ ልጅም በየቀጠሮው ፊቱ፣ አፉ፣ ሆዱና እግሩ ሊታይ ይገባል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ክሊኒኩ የእያንዳንዱን ሕፃን እብጠት በሜትር ለክቶ ከነቀኑ በካርዱ ላይ ይጻፍ። በጥቂት ቀን ውስጥ ካልጎደለ፣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ዓይን ከወጣ፣ ሆድ ካበጠ፣ ሌላ ክኒን ሳይሆን ወደ ሆስፒታል መላኪያ ይስጥ።

ሁለተኛ፣ መንጋጋው ላበጠ ሕፃን የይለፍ ወረቀት በዚያው ቀን ይፈረም። ለአስተዳደሩ እንግዶች መኪና በሰዓቱ ሲገኝ አይተናል። ለሕፃንም ይገኝ።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሕክምናውን አታቋርጡ፤ ሌሎቻችንም የቀሩትን ልጆች እንጠብቅላቸው፣ ራሽናቸውን እናውጣላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ።

እኛም ድርሻችንን ወስደናል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት የየተማሪውን ፊትና አፍ እናያለን፤ ያየነውን እንመዘግባለን፤ ከሕክምና የተመለሱትን ልጆች ቀጠሮ በክፍሉ ግድግዳ ሳይሆን በእኛ ደብተር እንይዛለን። መዝገቡንም በየሰኞው ለክሊኒኩ እናደርሳለን። ተቀብያለሁ የሚል ፊርማ ሳናገኝ ከበሩ አንመለስም።