በቈርቈሮ የታሸገ ዓሣና የሕጉ እጅ

በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አራት አረጋውያን ከአንድ ቈርቈሮ የሳልሞን ዓሣ ተካፍለው በሉ። ሁለቱ ሞቱ። ዓሣው የታሸገው በአላስካ ሲሆን፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን መርዝ የሚያመነጨው ተሐዋሲ የገባው በቈርቈሮው ላይ በነበረች ትንሽ ቀዳዳ መሆኑን ምርመራው ገለጸ።

ይህን የሩቅ አገር ወሬ ማንሣታችን ለወልድያና ለመርሳ ቅርብ ስለ ሆነ ነው። ሰርዲኑና ቱናው ባሕር ተሻግሮ፣ ከወደብ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሲገለበጥ ቈይቶ ነው ሀብሩ ወረዳ የሚደርሰው። በዚህ ጕዞ ካርቶኑ ይወድቃል፣ ቈርቈሮው ይሰረጕዳል፤ ከዚያም በሙቀቱ አገር በቆርቆሮ ክዳን ሱቅ ውስጥ ወራት ይከርማል። (ሐይቅን የመሰለ ውሃ ዓሣውን ይዞ በደሴ መንገድ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሩቁን መሻታችን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ለሌላ እሑድ እናቈየው።)

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 ለጤና የማይበጅ ምግብ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ተቈጣጣሪውም እንዲይዘው ሥልጣን ይሰጠዋል። ወደ አገር የሚገባውን የሚቈጣጠረው የፌዴራሉ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የሱቁን መደርደሪያ የሚጐበኘው ግን የወረዳው ባለሙያ ነው። ችግሩም የሚጀምረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በሱቅ ቍጥጥር አስቀድሞ የሚታየው የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ነው። ቀኑ ግን የሚያገለግለው ቈርቈሮው ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው። ያበጠ፣ መጋጠሚያው የዛገ ወይም የሰረጐደ፣ ሲከፈትም ተንፍሶ የሚረጭ ቈርቈሮ ሁለት ዓመት ቢቀረውም አይበላም። ባለሱቁ «ቀቅለው ይብሉት» ቢል አይስሙት፤ ቱናና ሰርዲን ሳይታሸጉ በፊት በሙቀት ቈይተው ከሆነ ሂስታሚን የሚባል ነገር ያፈራሉ፤ ይህም በእሳት አይጠፋም፣ ሁልጊዜም አይሸትም።

ከዚህ የሚበልጠው ጕዳይ ግን በቈርቈሮው ላይ የታተመው የምርት መለያ ቍጥር ነው። በአንድ ዙር የታሸጉ ቈርቈሮዎች አንድ ቍጥር ስላላቸው፣ መርሳ ላይ ያበጠው ቈርቈሮ ወንድሙ ወልድያ፣ ከወልድያም አልፎ ቆቦ ወይም ጋሸና ሊገኝ ይችላል። ሃያ ቈርቈሮ ይዞ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ አስቀብሮ የሚመለስ ባለሙያ ቍጥሩን መዝግቦ ለዞኑና ለክልሉ ካላስተላለፈ፣ የያዘው ሃያውን ብቻ ነው። ባለሱቁም ያለ ደረሰኝ ገዝቶ ከሆነ አስመጪው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ኪሳራውም በእርሱ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ተቈጣጣሪ መጣ ሲባል ካርቶኑን ወደ ጓዳ ቢያሸሽ ምን ይደንቃል? ስለዚህ ደረሰኝ ያለው ነጋዴ ገንዘቡን ከአከፋፋዩ ለመጠየቅ እንዲችል ዕቃውን የያዘው ጽሕፈት ቤት የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ይስጠው እንላለን፤ ይህም አዲስ በጀት አይጠይቅም፣ አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ይበቃዋል።