ቀዳዳውን ያሳየ ለምን ይከሰሳል?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የጓዳ ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የፖለቲካ ጉዳይ ነው እላለሁ። ነገሩ ከማሽኑ ይልቅ ጉድለቱን የነገረውን ሰው እንደ ጠላት የሚያየውን የአስተዳደር ባህላችንን ይመለከታልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወላይታ ዞን፣ ከዲምቱ የመጣ አንድ የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ነበረኝ። ይህ ወጣት ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የራሱን ማመልከቻ ሲመለከት፣ በአድራሻው መጨረሻ ካሉት ቁጥሮች አንዱን በስሕተት ይለውጣል። ወዲያው የማያውቀው ሰው ሙሉ መዝገብ ከነስልክ ቁጥሩ ፊቱ ተዘረጋ። ገጹን ዘግቶ፣ ያየውን በአንድ ወረቀት ጽፎ፣ በእጁ ወሰደላቸው። የጠበቀው ምስጋና ነበር፤ የገጠመው ግን «ማን ላከህ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሳምንት ሳይሞላ «ሲስተማችንን ሰብሮ ገብቷል» የሚል የክስ ደብዳቤ ደረሰን። ስለ ልጁ ጠባይ ሁለት ሰዓት ተሰበሰብን። «ለመሆኑ ቀዳዳው ተደፈነ ወይ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «እሱ የዛሬው አጀንዳ አይደለም» ተባልሁ። ልጁ በማስጠንቀቂያ ታለፈ።

በሌላው ዓለም ያሉ ተቋማት እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚፈልግላቸው ባለሙያ በገንዘባቸው ይቀጥራሉ። ሥራው ፔኔትሬሽን ቴስት ይባላል፤ «የሰርጎ መግባት ፍተሻ» ብንለው ያስኬዳል። ፈታሹና ተቋሙ የትኛው ሲስተም፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈተሽ አስቀድመው በጽሑፍ ይዋዋላሉ። ከዚያ በኋላ ፈታሹ እንደ ሌባ ያስባል፤ ደካማ የይለፍ ቃል ይሞክራል፣ ያልታደሰ ሶፍትዌር ይፈልጋል፣ የሌላውን ሰው መዝገብ ለማየት ይጥራል፣ ከቀሪ ሒሳቡ በላይ ገንዘብ ለማውጣት ይሞክራል። በመጨረሻም ያገኛቸውን ቀዳዳዎች ከነማስረጃቸውና ከነመፍትሔያቸው፣ በአደገኛነታቸው ቅደም ተከተል ያስረክባል። ተቋሙ ይደፍናል፤ ፈታሹ ተመልሶ መደፈኑን ያረጋግጣል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከሌለ ሪፖርቱ የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር «ሀክ ዘ ፔንታጎን» ብሎ የሕዝብ ድረ ገጾቹን ለተመዘገቡ ጠላፊዎች ፍተሻ ክፍት አደረገ። ከ1,400 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ 138 እውነተኛ ቀዳዳዎች ተገኙ፤ ላገኙትም ሽልማት ተከፈላቸው። ያ ሁሉ ምስጢር ያለው ተቋም ጉድለቱን በአደባባይ በመናገሩ አልተዋረደም። በዚያው ዓመት እኛ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አወጣን፤ በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን ወንጀል አደረግን። ሌባን መቅጣት ተገቢ ነው። ሌባን ከጠቋሚ መለየት ግን ከዚያ ያላነሰ ተገቢ ነው።

አሁን ሁላችንም ወደምናስታውሰው ሌሊት እንሂድ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ተመልሷል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ መነሻው የሲስተም ማሻሻያ ሥራ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጹ። አምናቸዋለሁ። ይሁንና ይህ መልስ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያቀለውም፤ ጉዳት ለማድረስ ጠላፊ እንኳ አላስፈለገም ማለት ነውና። «ይህ ሲስተም የሌለ ገንዘብ ይከፍላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ማንኛውም ፈታሽ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነው። እኛ አገር መልሱን ያገኙት በውድቅት ሌሊት በኤቲኤም ፊት የተሰለፉ ተማሪዎች ናቸው። ያልተገባውን የወሰደ ይመልስ፤ በዚህ አልከራከርም። የወሳጆቹ ስምና ፎቶ ሲለጠፍ ግን፣ ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት እንዴት እንደተፈተሸ የሚያስረዳ ወረቀት በጎኑ ተለጥፎ አላየሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

«ቀዳዳችንን ብናሳይ ጠላት ይጠቀምበታል» የሚሉ አሉ። ጠላት የእኛን ሪፖርት አይጠብቅም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች የመንግሥት ድረ ገጾችን ሲያጠቁ ማንንም አላስፈቀዱም። «ኢንሳ አለልን» የሚሉም አሉ። ኢንሳ ተቋማትን እንደሚፈትሽ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት የአገሩን ሁሉ በር አንኳኩቶ አይዘልቅም። «ገንዘብ የለንም» ለሚሉት ደግሞ 801 ሚሊዮንን ደግመው ያንብቡ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃችንን የያዘ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያዛል። ያልተፈተሸ ጥበቃ ግን ምኞት ነው። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብና መዝገብ የያዘ ተቋም ሁሉ በየዓመቱና ትልቅ ለውጥ ባደረገ ቁጥር በገለልተኛ ባለሙያ ይፈተሽ፤ ቀዳዳው መደፈኑ በድጋሚ ፍተሻ ይረጋገጥ፤ በቅን ልቡና የጠቆመ ዜጋ የሚያመለክትበት አድራሻና ከክስ የሚጠብቀው ግልጽ ድንጋጌ ይኑረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ዛሬ ዲምቱ ያለች እናት ልጇ የላከላትን ገንዘብ በስልኳ ትቀበላለች። ቀዳዳው የእሷም ነው፤ ተማሪዬ የተቆረቆረው ለእንደ እሷ ያሉት ነበር። ያ መሥሪያ ቤት ቀዳዳውን ደፍኖ ይሆን? ቁጥሩን ለውጬ ልየው ብል፣ እኔም ወንጀለኛ እሆናለሁ።