ስለ መልሕቅ

ልጆች ሆይ፥ በደባርቅና በዳባት ያለ ሰው ዕቃውን በበቅሎና በአህያ ይጭናል እንጂ በጀልባ አይጭንም። ስለዚህ የመልሕቅ ነገር ለእኛ ምን ይረባናል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከጎንደር ወደ ደቡብ ወርዶ ጎርጎራ የደረሰ ሰው የጣናን ባሕር ያያል፤ በዚያም ከደንገል የተሠራ ታንኳ ብቻ ሳይሆን በሞተር የሚሄድ የብረት ጀልባም አለ።

መልሕቅ ማለት ጀልባ በነፋስ እንዳይወሰድ በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ወደ ውሃ የሚጣል ከባድ ብረት ነው። ጥፍር የመሰለ ጫፍ አለው። ገመዱ በአግድም ሲጐትተው ጥፍሩ ወደ ጭቃው ይገባል፤ በቀጥታ ወደ ላይ ሲስቡት ግን ይነቀላል። በትልልቅ ጀልባ ላይ ገመዱን የሚጠመጥም መዘውር አለ። መዘውሩ የተሰበረ እንደ ሆነስ? መልሕቁም ከድንጋይ ሥር የተያዘ እንደ ሆነስ?

አንዳንዶች ወዲያው ገመዱን ቍረጡ ይላሉ። ሌሎችም ተሰብስበው በጕልበት ይጐትታሉ። እኔ ሁለቱንም አልወድም። መልሕቅ የቅዳሜ ገበያ ዕቃ አይደለም፤ መልሕቅ የሌለውም ጀልባ ለሚመጣው ነፋስ የተሰጠ ነው። የወገራ ገበሬ ማረሻው በሥር ወይም በድንጋይ ሲያዝበት ምን ያደርጋል? በሬዎቹን አይገርፍም፤ ቢገርፋቸው ሞፈሩ ይሰበራልና። አቁሟቸው፥ እርፉን ይዞ፥ ማረሻውን ወደ ኋላ ስቦ በገባበት መንገድ ያወጣዋል። የመልሕቅም ነገር እንዲሁ ነው። ጀልባውን ከመልሕቁ ወዲያ ማዶ ወስዶ፥ መጀመሪያ ከተሳበበት ወገን በተቃራኒ መሳብ ይገባል።

ይህም ባይሆን ሌላ ብልኀት አለ። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ጀልባው ፊት ይሄዳሉ፤ ፊቱም በክብደታቸው ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ገመዱን ወጥረው ከፊቱ ላይ ያስሩታል፤ ቀጥሎም በቀስታ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የጀልባው ፊት ከፍ ሲል መልሕቁን ይስበዋል፤ የሰው ክንድ ያቃተውን ብዙ ጊዜ ውሃው ራሱ ያነሣዋል። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ግን ክፉ ነው፤ ጣት ይቈርጣል። ከትንሽ ጀልባ ጎን ማሰርም ከዚያ የባሰ ነው፤ ጀልባውን ይገለብጠዋልና።

ማዕበል ሲነሣ ግን ስለ ብረት ብሎ መዘግየት ስንፍና ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ በባሕር ወደ ሮሜ ሲሄድ፥ መርከበኞቹ ከዓለት ጋር እንዳይጋጩ ፈርተው በሌሊት ከመርከቡ በስተኋላ 4 መልሕቆች ጣሉ። በነጋም ጊዜ ሊያወጡአቸው አልደከሙም፤ በባሕር ውስጥ ትተዋቸው መርከቡን ወደ ምድር ነዱት። መርከቡ ተሰበረ፤ በእርሱ የነበሩት 276 ሰዎች ግን አንድም ሳይጐድል መላጥያ በምትባል ደሴት ወደ የብስ ወጡ።