የእግዜር እንግዳ

ከሰው አፍ ከሚወጡት ቃላት ሁሉ «ፍቅር» የሚለውን ያህል ዘወትር የሚነገር፣ ደግሞም እሱን ያህል ሳይመረመር የሚያልፍ ቃል የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሰው ልጁን ይወድዳል፤ ባልንጀራውን ይወድዳል፤ አገሩን ይወድዳል፤ ቡናውንም ይወድዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚጠራው፣ «እግዚአብሔር ይወድደናል» በተባለ ጊዜም ነገሩ የገባው ይመስለዋል። ነገር ግን መከራ በደጁ የቆመ ዕለት ቃሉን እንዳልመረመረው ይረዳዋል። እኛም የተረዳነው እንደዚሁ ዘግይተን ነውና ዛሬ በዚህ ዓምዳችን ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ጠባይ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በጥቁር አፈሯ፣ በማሽላዋና በሰሊጧ የታወቀች ከተማ ናት። ከጎንደርና ከትግራይ ቆላዎች ብዙ ሰው በአጨዳ ወራት ለቀን ሥራ ወደዚያ ይሻገር እንደ ነበር የድንበሩ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሰው የተሻገረው ማጭድ ይዞ ሳይሆን ሕፃን ታቅፎ ነበር። ሱዳኖች ሰቲት ብለው የሚጠሩትን ተከዜን ብዙዎች በጀልባ ተሻግረው ሐምዳይት ከምትባለው የጠረፍ መንደር ደረሱ። በጥቂት ወራት ውስጥ በምሥራቅ ሱዳን የተጠለለው ሰው ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኙት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ሰፈሮች ተወሰዱ።

«ራኩባ» በሱዳኖች ቋንቋ ከሣርና ከእንጨት የሚሠራ የጥላ ዳስ ነው፤ «ኡም ራኩባ» ማለትም «የዳሱ እናት» እንደ ማለት ነው። ይህ ሥፍራ ለስደተኛ አዲስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ከአገራችን የሸሸውን ሕዝብ ተቀብሎ ነበር፤ ወደ እስራኤል ለመሻገር ወጥተው የነበሩት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም በዚያው ቆይተዋል፤ ብዙዎቹም በበሽታ አልቀው አፅማቸው እዚያ ቀርቷል። ተዘግቶ የነበረው ሰፈር ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ ገና ለእኛው ሰዎች ተከፈተ።

በገዳሪፍ በነበርንበት ጊዜ፣ ከሑመራ በኩል የተሰደዱ አንዲት እናት በትግርኛ ስናናግራቸው ደስ አላቸውና ታሪካቸውን አጫወቱን። ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በሌሊት ወንዙን ተሻገሩ። ባለቤታቸው ከኋላ ቀርተዋል፤ የት እንደ ደረሱም አልታወቀም። በማለዳ ከአንድ ጎጆ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ ቋንቋቸውን የማታውቅ፣ በሃይማኖትም የማትመስላቸው አንዲት ሱዳናዊት ወጥታ አየቻቸው። ምንም አልጠየቀችም፤ ተመልሳ ገባችና ውሃና ከማሽላ የተጋገረውን ኪስራ ይዛ መጣች። ከዚያም ታናሹን ልጅ አንሥታ በራስዋ አልጋ ላይ አስተኛችው።

እኚህ እናት ነገራቸውን ሲጨርሱ፣ «ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እግዚአብሔር ይወድደናል ትላላችሁ። የሚወድደን ከሆነ ስለ ምን እዚህ ጣለን?» አሉን።

እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት በልጅነታችን ያጠናነውን መልስ ወዲያው ሰጠን፤ መከራ ለፈተና እንደሚመጣ፣ ትዕግሥትም ዋጋ እንዳላት ነገርናቸው። እሳቸው ግን ዝም አሉ። ዝምታቸውም ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። የተራበ ሰው እንጀራ ቢለምን ስለ እርሻ ሥራ እንደሚያስተምሩት ሰዎች ሆነን ነበርና አፈርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስናብሰለስለው ኖረናል።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ ፍቅር አንድ ስም ብቻ አልነበረውም። ሰው ውብና ጠቃሚ መስሎ የታየውን ለራሱ ሊያደርገው ሲናፍቅ ኤሮስ ይባላል፤ ባልንጀራ ከባልንጀራው ጋር ሲዋደድ ፊልያ ይባላል፤ ሦስተኛው አጋፔ ነው። የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሲናገሩ ይልቁን በዚህ በሦስተኛው ቃል ተጠቀሙ፤ ኤሮስ የሚለው ቃል ግን በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ከቶ አይገኝም። ስዊድናዊው የሥነ መለኮት ሊቅ አንደርስ ኒግሬን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 እና በ1936 በሁለት ክፍል ባሳተመው ሰፊ ሥራው ይህን ልዩነት ተንትኖታል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሰው የሚወድደው የሚወደድ ነገር ስላገኘ ነው፤ እግዚአብሔር ግን የሚወድደው በእኛ ዘንድ ዋጋ ስላገኘ አይደለም፤ ይልቁንም በመውደዱ ዋጋ ይሰጠናል።

ኒግሬን የሰውን ናፍቆት ከመጠን በላይ ዝቅ አድርጎታል ብለው የተከራከሩት ሊቃውንት ብዙ ናቸው። በእውነቱም ሰው ፈጣሪውን መናፈቁ ነውር አይደለም። የሆነ ሆኖ የትምህርቱ ሥር ጽኑ ነው። ክርስትና እንደሚያስተምረው የእግዚአብሔር ፍቅር ከእኛ ሥራ የሚቀድም ነው፤ ለሚገባው ብቻ የሚሰጥ ደመወዝም አይደለም። ጌታ በተራራው ስብከት እንዳመለከተው ፀሐይ በክፉውም በደጉም ላይ ትወጣለች፤ ዝናብም የጻድቁን እርሻ ከኃጢአተኛው እርሻ ለይቶ አይዘንብም።

ይህን ትምህርት ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተጻፈው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው። ሰው በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ ወድቆ ሳለ ካህኑ አልፎት ሄደ፤ ሌዋዊውም አልፎት ሄደ፤ ያነሣው አይሁድ እንደ ባዕድና እንደ መናፍቅ የሚቈጥሩት ሳምራዊ ነው። በዚያ ሥፍራ የሳምራዊውን ርኅራኄ የሚገልጸው የግሪክ ቃል ከሆድ ዕቃ ስም የተገኘ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛም «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለንና። በዕብራይስጥም ርኅራኄ የሚለው ቃል ከማሕፀን ስም ጋር ዘመድ ነው። እንግዲህ ጥንታውያኑ ሕዝቦች ፍቅር ከንግግር በፊት በአንጀት እንደሚጀምር ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያች ሱዳናዊት ከጎጆዋ ወጥታ ምንም ሳትጠይቅ የተመለሰችው ይህ ነገር ስለ ያዛት ነው ብለን እናምናለን።

ደግሞ እናስተውል፤ ጌታ ይህን ምሳሌ የተናገረው ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀ ሕግ ዐዋቂ ነው። ሕግ ዐዋቂው የፈለገው ወሰን እንዲሰመርለት ነበር። ያገኘው መልስ ግን ወሰኑን የሚያፈርስ ሆነ።

ነገር ግን የእኚያ እናት ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ የሚወድደን ከሆነ ስለ ምን እዚህ ጣለን ብለዋልና። ለዚህ ጥያቄ ሁሉን የሚፈታ መልስ አለን ብንል ሐሰተኞች እንሆናለን። ጦርነትን ያመጣው የሰው እጅ ነው፤ የሰውን ጥፋት በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ መጫን ደፋርነት ነው። ሆኖም ክርስትና ለሚያለቅስ ሰው የሚያቀርበው ከሁሉ በፊት ማብራሪያ ሳይሆን የአንድ ሰው ሕይወት ነው፤ ይኸውም የክርስቶስ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ወርኃ ጽጌ ብላ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደድዋን ታስብበታለች፤ ኅዳር 6 ቀንም ቍስቋም ተብሎ ይከበራል። በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሱዳን የተሻገሩት በዚሁ በጽጌ ወቅት ነው። በቤተ ክርስቲያን የማርያም ስደት በማሕሌት ሲታሰብ፣ እናቶች ሕፃን አዝለው በተከዜ ዳር ይሄዱ ነበር። ይህን የምንለው የቀኖችን መገጣጠም እንደ ተአምር ቈጥረን አይደለም። እምነታችን ሲናገር የኖረውን ለማስታወስ ነው፤ እግዚአብሔር ስደተኛውን ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ብቻ አይደለም፤ በሥጋ በመጣ ጊዜ እሱ ራሱ ስደተኛ ሆኖ በባዕድ አገር ተጠልሏል። ኋላም በመስቀል ላይ የተጣለ ሰው የሚጮኸውን ጩኸት ጮኋል። ፍቅሩ ዋጋ የከፈለ ፍቅር ነው።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ስሙን ሳይሆን የላከውን ይጠራል። ሱዳኖችም ይህንኑ ነገር በዓረብኛ «ደይፈላህ» ይሉታል፤ ከዚህም አልፈው ለልጆቻቸው መጠሪያ ስም አድርገውታል። ሁለቱ ሕዝቦች በሃይማኖት ቢለያዩም እንግዳ የእግዚአብሔር ነው በማለት ይገናኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 ዓመት ገደማ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ተቀብሎ ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ እንዳልሰጣቸው በእስልምና ታሪክ ሳይቀር ሲወሳ ይኖራል። በዚያው በጠረፉ ደግሞ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በመተማ ወድቀዋል። እንግዲህ ያ ድንበር ደም የፈሰሰበትም እንጀራ የተቈረሰበትም ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምንወርስ የምንመርጠው እኛው ነን።

ይህ ምርጫ ለብዙ ጊዜ አልቆየልንም። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ በተያዘች ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። ትናንት ያስጠጉን ሰዎች በተራቸው በጋላባት በኩል ወደ መተማ መጡ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በዚያም የተቀበላቸው፣ ያለውን ያካፈላቸው ወገን አለ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን እውነቱን መሸፈን አይገባንምና፣ በእነዚያ መጠለያዎች ስደተኞች በታጣቂ ዘራፊዎች ተጠቁ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ብዙዎች ደኅንነት አጣን ብለው መጠለያውን ትተው በእግራቸው ወጡ። በአካባቢው የነበረው ግጭት ምክንያት ነው ይባል ይሆናል። ለተዘረፈው እንግዳ ግን ምክንያቱ አይበላለትም። ይህን በሰማን ጊዜ ያች ኪስራ ይዛ የወጣችው ሴት ትዝ አለችን። ምናልባት እሷም በዚያ መንገድ ላይ ነበረች ይሆን? ብለን ራሳችንን ጠየቅን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የእግዚአብሔር ፍቅር ለሁሉ ነው ሲባል ክፉንና ደጉን አይለይም፣ ፍርድም የለበትም ማለት የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ልጁን የሚወድድ አባት ልጁ እንግዳ ሲዘርፍ ቢያይ ዝም አይልም፤ ዝም ካለ ልጁንም እንግዳውንም አልወደደም። ስለዚህ ፍቅር ፍርድን አይጠላም፤ የሚጠላው በቀልን ነው። በፍርድ ጊዜ የሚቀርበውም ጥያቄ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ተገልጿል፤ የተራበውን አበላችሁን? እንግዳውን ተቀበላችሁን? የሚል ነው እንጂ ስለ ፍቅር ምን ያህል ተናገራችሁ የሚል አይደለም።

ከገዳሪፍ ከመነሣታችን በፊት እኚያን እናት ተሰናበትናቸው። የባለቤታቸው ወሬ እስከዚያ ቀን አልተገኘም ነበር። የቀደመው መልሳችን እንዳሳፈረን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ወንድሜ፣ አትዘን፤ እኔም መልሱን አላገኘሁትም። ጸሎት ስጀምር አፌ ይያዛል። ያችን ሴት ሳስብ ግን ይፈታልኛል» አሉን።

እኛም በብዙ መጻሕፍት የፈለግነውን ነገር በዚህ ቃል አገኘነው። የእግዚአብሔር ፍቅር ለተጐዳ ሰው የሚታመነው ሌላ ሰው በእጁ ይዞት ሲመጣ ነው። ያች ሴት ስለ እኛ ሃይማኖት የምታውቀው አልነበረም፤ ሆኖም አንዲት ክርስቲያን እናት ወደ አምላኳ የምትመለስበትን መንገድ ከፈተችላት።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር በማዕድ በተቀመጣችሁ ጊዜ ይህን ነገር ተነጋገሩበት። የእግዚአብሔርን ፍቅር ለልጅ ለማስተማር ረጅም ስብከት አያሻም፤ እንግዳ በደጅ ሲቆም አባትና እናት የሚያደርጉትን ልጁ ያያል። ከሱዳንም ሆነ ከገዛ አገራችን ቀዬ ተፈናቅሎ በደጃችን የሚቆም ሰው ዛሬም አለ። ቋንቋውን ላናውቀው፣ ሃይማኖቱም ከእኛ ሊለይ ይችላል። የላከው ግን ማን እንደ ሆነ አባቶቻችን አስቀድመው ነግረውናል።